ስለ ጌታ ሥራ መደነቅና ስለ እውነተኛ ሚዛን

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በምድር ሲመላለስ ሥራውን አይተው ያልተደነቁ ጥቂቶች ነበሩ። ዕውር ሲያይ፥ ሽባ አልጋውን ተሸክሞ ሲሄድ ሕዝቡ ይገረም ነበር። ነገር ግን በማቴዎስ ወንጌል በ11ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ጌታ አጥብቆ የገሠጻቸው ተአምራቱን ያላዩትን ከተሞች አይደለም፤ ብዙውን ተአምራት ያደረገባቸውን ኮራዚንን፥ ቤተ ሳይዳንና ቅፍርናሆምን ነው እንጂ። ጥፋታቸውስ ምንድር ነው? መደነቅ ጐድሎባቸው አይደለም፤ ተደንቀው ንስሓ ሳይገቡ ስለ ቀሩ ነው።

ቅፍርናሆም በባሕር ዳር ያለች፥ ቀረጥ የሚከፈልባት ከተማ ነበረች፤ ማቴዎስም የተጠራው ቀረጥ ከሚቀበልበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ነገሩ የመርካቶን ሰው በቅርብ ይነካዋል። የመርካቶ ገበያ ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ወደ አዲስ ከተማ ተዛውሮ የተመሠረተ ነው፤ ከዚያም ወዲህ የአገሩ እህል፥ ቅቤና በርበሬ የሚመዘንበት ስፍራ ሆነ። በዚያም የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አለ። ነጋዴው በማለዳ በደጁ ቆሞ ይሳለማል፤ ተአምረ ኢየሱስ ሲነበብም በመገረም ያዳምጣል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ያው ሰው ሱቁን ከፍቶ በርበሬውን ከባዕድ ነገር ቢቀላቅል፥ ሚዛኑንም በጣቱ ቢጫን፥ መገረሙ ከቅፍርናሆም ሰዎች መገረም በምን ይለያል?

ጴጥሮስን ተመልከት። እርሱም የዚያው ባሕር ዓሣ አጥማጅ ነበረ። ሌሊቱን ሁሉ ደክሞ ምንም ሳይዝ ካደረ በኋላ፥ በጌታ ቃል መረቡን ቢጥል ሁለት ታንኳ እስኪሞላ ድረስ ያዘ። ሌላ ሰው ቢሆን ዋጋውን ባሰላ ነበር። ጴጥሮስ ግን ዓሣውን ትቶ ራሱን ተመለከተ፤ በጌታ ጉልበት ላይ ወድቆም ኃጢአተኛነቱን ተናዘዘ። እውነተኛ መደነቅ ይህ ነው፤ ዓይንን ከተአምሩ ወደ አድራጊው፥ ከእርሱም ወደ ገዛ ልብ ይመልሳል። ዘኬዎስም ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ የሀብቱን እኩሌታ ለድኆች ሊሰጥ፥ በማታለል የወሰደውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ፤ መደነቁ እስከ ገንዘብ ሣጥኑ ደረሰ።

ምናልባት፥ «ጎረቤቴ እያታለለ እኔ ብቻ በእውነተኛ ሚዛን ብሸጥ ልጆቼ ምን ይበላሉ?» ትል ይሆናል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። እውነተኛ ብትሆን ትርፍህ ይበዛል ብለን አንሸነግልህም፤ ሊጐድልም ይችላል። ጴጥሮስ ሁለት ታንኳ ሙሉ ዓሣ ባገኘበት ቀን ሁሉን ትቶ ተከተለ። ነገር ግን አምስት እንጀራ ለአምስት ሺህ ሰው ያበቃውን ጌታ አደንቃለሁ የሚል ሰው፥ ያው ጌታ ለአንድ ቤት እንጀራ አይበቃም ብሎ በሐሰት ሚዛን ቢታመን፥ አድናቆቱ ከከንፈር አላለፈም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ የጌታን ሥራ ስትሰማ ተደነቅ፤ ነገር ግን በዚያ አትቁም። በሚዛንህ ፊት ስትቆም፥ ባልንጀራህ የማያየውን ጣትህን እርሱ እንደሚያይ አስብ። ያታለልኸው ሰው ቢኖር ፈልገህ መልስለት። እንዲህ ያለ ነጋዴ በገበያው መካከል ቢገኝ፥ ሰዎች የጌታን ሥራ በእርሱ አይተው ይደነቃሉ።