ወፍ ዘራሽ ዕፅ፦ ጸጋ ወይስ ምሥጢር?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ክረምቱ ገብቶ ምድሩ ሲርስ፣ በየጓሮው፣ ይልቁንም አመድና ፍግ በሚደፋበት ሥፍራ፣ ማንም ያልዘራው ቡቃያ ብቅ ይላል፤ ዘሩን ራሱ በትኖ፣ ወይም በወፍ፣ በጎርፍና በከብት እግር ተጉዞ የሚበቅለውን እንዲህ ያለ ዕፅ የአገሩ ሰው ወፍ ዘራሽ ይለዋል። ባለጓሮው ዕፁን ካላወቀው ይነቀል ወይስ ይቆይ እያለ ያመነታል፤ ከዚህ ማመንታት ሥር ግን ሊቃውንት ሊመረምሩት የሚገባ የሃይማኖት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የዕፅዋትን ምንነትና ኃይል ማወቅ ለሰው የተሰጠ ጸጋ ነው ወይስ ሊነካ የማይገባው ምሥጢር የሚለው ነው።

ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 1 ዘር የሚሰጠው ቡቃያ ሁሉ ለሰው ምግብ እንዲሆን መሰጠቱን ይናገራል፤ በምዕራፍ 2 አዳም ስም ሲያወጣ ግን ወደ እርሱ የመጡት እንስሳትና አዕዋፍ ብቻ ስለሆኑ፣ የዕፅዋት ስያሜ ለልጆቹ የተተወ ሥራ ይመስላል። ይህን ሥራ ማን አስተማረ ለሚለው፣ ሙሉ ይዘታቸው በግእዝ ብቻ የተረፈውና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥራቸው ሁለት መጻሕፍት የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። መጽሐፈ ሄኖክ በምዕራፍ 7 እና 8፣ ትጉሃን የተባሉት መላእክት ከሰማይ ወርደው የሰውን ሴቶች ልጆች ካገቡ በኋላ አስማትን፣ ሥር መቁረጥንና የዕፅዋትን ነገር እንዳስተማሯቸው ይተርካል፤ መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ በምዕራፍ 10፣ ርኩሳን መናፍስት የኖኅን የልጅ ልጆች ባስጨነቁ ጊዜ ቅዱሳን መላእክት በምድር ዕፅዋት የሚፈወስበትን መንገድ ለኖኅ እንደነገሩት፣ ኖኅም ሁሉን ጽፎ ለልጁ ለሴም እንደሰጠው ያስረዳል። ሁለቱ የሚጣሉት ላይ ላዩን ሲነበቡ ነው፤ በሄኖክ ዕውቀቱ ከአስማት ጋር ተቆራኝቶ የወረደ ሲሆን፣ በኩፋሌ ለፈውስ ተነግሮ፣ ተጽፎ፣ ለትውልድ ተላልፏል፤ ሥሩ ያው አንድ ሥር ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ከሁሉ የቀረበው ምስክር አስተናግር፣ በሌላ ስሙ አጠፋሪስ ነው። ቅጠሉ ሰፊና ጠርዙ የተቦጫጨቀ፣ ሲታሽ የሚከረፋ፣ አበባው ነጭና እንደ መለከት የረዘመ ሲሆን፣ በእሾህ የተሸፈነው አረንጓዴ ፍሬው ሲደርቅ በአራት ተሰንጥቆ ብዙ ጥቋቁር ዘር ያፈስሳል፤ ዘሩም ከ30 ዓመት በላይ በአፈር ተቀብሮ ሊበቅል እንደሚችል በሙከራ ስለተረጋገጠ፣ ዘንድሮ በጓሮ የታየው ቡቃያ ከአያት ዘመን የተረፈ ሊሆን ይችላል። የዕፁ የትውልድ አገር አሜሪካ ነው፤ ወደ ሌላው ዓለም የተሻገረውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1492 ወዲህ ነው። ከእርሱ የሚቀመመው አብሾ ትምህርት ያስይዛል፣ ልቡና ይከፍታል እየተባለ በአብነት ተማሪዎች ዘንድ ሲነገርለት ኖሯል፤ ጋይንት ደግሞ የድጓ ማስመስከሪያዋን ቤተልሔምንና የዝማሬ መዋሥዕቱን ዙር አምባን የያዘች የትምህርት አገር ናትና፣ ነገሩ እዚህ ከሌላው ሥፍራ ይልቅ ይከብዳል። ዕፁ የያዛቸው አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አፍን ያደርቃሉ፣ የዓይንን ብሌን ያሰፋሉ፣ ያቃዣሉ፣ ሲበዙም ይገድላሉ፤ መጠናቸው ከተክል ተክል ስለሚለያይም በልምድ ሊመጠኑ አይችሉም። ሕዝቡ ነገረ ሥራው የተዛባበትን ሰው አብሾ አለበት የሚለው በከንቱ አይደለም።

በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4፣ በረኃብ ዘመን ከነቢዩ ኤልሳዕ ደቀ መዛሙርት አንዱ ምንነቱን ያላወቀውን የዱር ፍሬ ለቅሞ በምንቸት ውስጥ መክተቱና በላተኞቹ ሞት አለበት ብለው መጮኻቸው ተጽፏል፤ ጥፋቱም ፍሬው መብቀሉ ሳይሆን ለቃሚው ሳይጠይቅ መክተቱ ነው። ስለዚህ ያልታወቀ ዕፅ አይቀመስም፤ ወዲያው ይነቀል ማለት ግን አይደለም፤ ቅጠል ያሳስታልና። ለምሳሌ በጉና ተራራ ግርጌ ያለ ገበሬ እንክርዳድን፣ ማለትም ዘሩ ከእህል ጋር ተፈጭቶ ሲበላ የሚያዞረውን አረም፣ ዛላው ሳይወጣ ከስንዴው መለየት ይቸግረዋል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ባለእርሻው እስከ መከር እንዲጠበቅ ያዘዘው ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ነው፤ በጓሮ ግን አንዱን ተክል ለይቶ እስኪያብብ ማቆየት፣ በአበባው መለየት፣ ጎጂ ሆኖ ከተገኘም ፍሬው ሳይሰነጠቅ መንቀል ይቻላል። ትዕግሥቱም ጥንቃቄውም በአበባና በዘር መካከል ባለችው አጭር ጊዜ ይገናኛሉ።

በአካባቢው ያሉ ደብተራዎችና መድኃኒት ዐዋቂዎች መድኃኒት ሲነገር ኃይሉ ይጠፋል በሚል እምነት ዕውቀታቸውን ሸሽገው መኖራቸው የታወቀ ነው። መርዝ በክፉ ሰው እጅ እንዳይገባ መሥጋታቸው ተገቢ ስለሆነ ቅመማውን ቢሰውሩ አይነቀፉም፤ የዕፁን ስምና ጉዳት መሸሸግ ግን በኩፋሌ የተሰጠውን ጸጋ ወደ ሄኖክ ምሥጢር መመለስ ነው። እንዲህ ያለው ዕውቀት መጻፉም አዲስ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ጥናት ምሁሩ ስቴፋን ስትረልሲን የግእዝና የአማርኛ የመድኃኒት መጻሕፍትን በ1968፣ የኢትዮጵያ ዕፅዋትን ስምና አገልግሎት የሚመለከት ጥናቱን ደግሞ በ1973 አሳትሟል፤ በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዕፅዋት መዝገብም በ2009 በ8 ቅጾች ተጠናቋል (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ዐዋቂዎች የየጓሮውን ወፍ ዘራሽ ከነስሙና ከነጉዳቱ ለልጆቻቸው ይንገሩ፤ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ልጆችም ይጻፉት፤ ያልታወቀውንም ከነቅጠሉ፣ ከነአበባውና ከነፍሬው በወረቀት መካከል አድርቀው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ማኖሪያ ያድርሱት፤ የየኔታዎች ድርሻ ደግሞ ተማሪው አብሾ ከመቅመሱ በፊት አስተናግርን በዓይኑ እንዲለይ ማሳየት ነው።