አደራውን የማያይ ጠባቂ

ሥጋችን የፈጣሪ አደራ ከሆነ፣ ምላጭ እንዲነካው መፍቀድ አደራ መብላት ነው ወይስ አደራ መጠበቅ? በሱዳኗ ባሕሪ ከተማ ውስጥ አንዲት አረጋዊት ሳስታምም ይህ ጥያቄ ዕረፍት ነሥቶኝ ነበር።

ሐጃ የምላቸው እኚህ እናት ጉልበታቸው አልታጠፍ ስላላቸው፣ ለሶላት ውዱ ሲያደርጉ እግራቸውን የማጥበው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ውስጥ እግራቸው ላይ፣ ተረከዙ አጠገብ፣ ዳሩ ቅጥ ያጣ ጥቁር ምልክት አየሁ። ያየው ሐኪም ከቆዳው ጥቂት ተቆርጦ ካልተመረመረ ምንነቱ አይለይም አለ። እሳቸው ግን «ልጄ፣ አላህ ሙሉ አድርጎ የሰጠኝን ጎደሎ አድርጌ አልመልስለትም» አሉኝ።

የሬጌ ዘፋኙ ቦብ ማርሌይም እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ላይ ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ሲገኝበት፣ ጣቱ እንዲቆረጥ አልፈቀደም። በ1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ፤ በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። ሜላኖማ ጥቁር ሰዎችን ሲይዝ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው።

«ሳይቆርጡ ማወቅ አይቻልም?» ሲሉ ሐጃ ጠየቁ። ጅምሩ አለ። የሌዘር ጨረር ቆዳ ላይ ሲያርፍ፣ እንደ ኮላጅንና ፖርፊሪን ያሉ ንጥረ ነገሮች ጨረሩን ውጠው በሌላ ቀለም ያበራሉ፤ ካንሰር ቆዳውን ሲለውጠው ያ ብርሃንም ይለወጣል፤ መሣሪያው ልዩነቱን ይለካል። ሆኖም የጥቁር ቆዳ ሜላኒን ብርሃኑን ስለሚውጠው ምልክቱ ይደክማል። ቁርጡን የሚናገረው ዛሬም በማይክሮስኮፕ የሚታየው ናሙና ነው።

ደግሞስ ሌዘሩ በሽታውን ቢያሳየን፣ ነቅሎ ለማውጣት ያው ምላጭ ያስፈልጋል። ሌዘሩ የሐጃን ሥጋት ያቀልላል እንጂ ጥያቄያቸውን አይመልስም። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፤ በአደራ የተሰጠውን በግ ቁስል ላለማየት ፊቱን ያዞረ እረኛ፣ በጉ ሲሞት «ቆዳውን አላስነካሁም» ብሎ ለባለቤቱ መልስ ሊሰጥ አይችልም። ይህንኑ ለሐጃ ነገርኳቸው። ብዙ ካሰቡ በኋላ ልጃቸውን ጠርተው ናሙናው እንዲወሰድ ፈቀዱ።

የእሳቸው እምነት ለሶላት እግርን ያሳጥባል፤ በእኛም በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ ጎንበስ ብለው የምእመናንን እግር በወይራና በወይን ቅጠል ያጥባሉ። ሁለቱም በሽታው ከሚሸሸግበት ቦታ ያደርሱናል። እንግዲህ የወላጆቻችንን እግር ስናጥብ ውስጥ እግራቸውንም ገልብጠን እንይ፤ አዲስ ወይም የተለወጠ ጥቁር ምልክት ካየን ሳናድር ሐኪም ዘንድ እንውሰዳቸው። ለማዳን ሲባል ከአካል መጉደል ፈጣሪን መካድ አይደለም፤ እያወቁ ዝም ማለት ግን አደራ መብላት ነው።