ላቧ ሳይደርቅ

ሰው የጠቀመ መስሎት ሲጎዳ ጥፋቱ የማን ነው? የአድራጊው ነው እንዳንል፣ አድራጊው ብዙ ጊዜ አያውቅም። የሚያውቀው ሰው ነው እንዳንል፣ እሱ እጁን አላነሳም፤ ቆሞ ከማየት በቀር ያደረገው ነገር የለም። ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ ደብረ ሲና ላይ ሲታጠብ ያየሁት አንድ ሞተር ሳይክል ነው። ነገሩ ተራ ነው። ሆኖም ከዚያ ጠዋት ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።

ደብረ ሲናን የወሎ መንገደኛ ሁሉ ያውቃታል። ከአዲስ አበባ የተነሳ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ከዚያም ብርዳሙን ሜዳ አቋርጦ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ በሚለው በጣርማበር አናት ላይ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ባስፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ሹልክ ይላል። ከዋሻው ማዶ የሚቀበለው ጉምና ቁልቁለት ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወርዶ ደብረ ሲና ይገባል። ከደብረ ሲና ደግሞ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ከ1,000 ሜትር በላይ ያሽቆለቁላል። እንግዲህ ከተማዋ በገደል ወገብ ላይ የተቀመጠች ማረፊያ ናት። ከታች የመጣ ሞተሩ ግሎ ይደርሳል፤ ከላይ የመጣ ፍሬኑ ግሎ ይደርሳል። አውቶቡሱም ጭነት መኪናውም እዚያ ይቆማል፤ መንገደኛው ቁርሱን ይበላል፣ ቆሎውን ይገዛል፣ እግሩን ያፍታታል። ከተማዋ የኖረችው በማረፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር። ከመንገዱ ዳር ካለች ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። ከሻይ ቤቷ ጎን አንዲት ትንሽ ላቫጆ አለች፤ ሁለት በርሜል ውሃ፣ አንድ የውሃ ጎማ፣ ጥቂት ባልዲና ጨርቅ። አጣቢው አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከጣርማበር በኩል አንድ ሞተር ሳይክል እስከ መሪው ጭቃ ለብሶ መጣ። ሰሌዳው የመንግሥት ነው። የሚነዳው ሰው ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ከጃኬቱ ሥር ክራቫት ያሰረ፣ ቦርሳ ያነገተ ነበር።

«ቶሎ በልልኝ፤ ሮቢት ስብሰባ አለብኝ» አለው።

ልጁ መዳፉን ወደ ሞተሩ ጠጋ አድርጎ ሙቀቱን ለካ።

«ጋሼ፣ ትንሽ በረድ ቢልስ?»

«ውሃው ራሱ ያበርደው የለ!»

ልጁ አልደገመም። የመጀመሪያውን ባልዲ ሲደፋበት ብረቱ ጩኸት ያህል ድምፅ አሰማ፤ እንፋሎቱ ወደ ላይ ተነሳ። አጠገቤ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ ሽማግሌ አንገታቸውን ነቀነቁ። «በቅሎ ብትሆን አይደረግባትም ነበር» አሉኝ። «ከመንገድ የገባች በቅሎ ላቧ ሳይደርቅ ኮርቻዋ አይወርድም፤ ውሃም አይሰጣት።» ይህን የተናገሩት ለባለ ሞተሩ አልነበረም፤ ለእኔ ነው። እኔም ፈገግ ብዬ ሻዬን ጠጣሁ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሞተር ሳይክሉ እንደ አዲስ አብረቀረቀ። ሰውየው ደስ ብሎት ከፈለ፤ ጉርሻም ጨመረ። ከዚያም ውሃው እየተንጠባጠበ ቁልቁለቱን ተያያዘው።

በመጀመሪያ የብረቱን ነገር እንይ፤ ምክንያቱም ሥነ ምግባር ያለ ዕውቀት ባዶ ምኞት ነው። አንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ የጋለ ሞተር ላይ ስለፈሰሰ ሞተሩ ወዲያው ይሰነጠቃል ማለት አይደለም። ሞተር ሳይክል ዝናብ ላይ ይነዳ የለም እንዴ? ሆኖም ዝናብ ጥቂት በጥቂት የሚያርፍ ነው፤ ባልዲ ግን በአንድ ጊዜ አንዱን ጎን ብቻ ያቀዘቅዛል። ቴስታታው አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ የያዙት ብሎኖች ብረት ናቸው። አሉሚኒየም ሲሞቅ የሚሰፋው፣ ሲበርድም የሚኮማተረው የብረት እጥፍ ያህል ነው። አንዱ ሲሸሽ ሌላው ሲቀር መጋጠሚያው ይጨነቃል። ይህ አንድ ቀን ቢደረግ ምንም ላይታይ ይችላል፤ በየሳምንቱ ሲደጋገም ግን በመካከል ያለው ጓርኒሲዮን ይደክማል፣ ዘይት ማላብ ይጀምራል።

የባሰው ጉዳት ከሞተሩ ይልቅ ጎማው እምብርት ውስጥ ነው። ከጣርማበር ፍሬን እየያዙ ሲወርዱ የጎማው እምብርት ይግላል፤ ውስጡ ያለው አየርም ይሰፋል። ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ያለው እዚያው ነው፤ ግራሶውን የሚጠብቅለትም አንዲት ስስ የጎማ ቀለበት ናት። የጋለው እምብርት ላይ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያርፍ የውስጡ አየር ይኮማተራል፤ እንደሚተነፍስ ሳንባም በቀለበቱ ጠርዝ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። በጎማ በኃይል የሚረጭ ውሃ ከሆነማ መሳብም አያስፈልገው፤ በግፊቱ ይገባል። የገባው ውሃ ግራሶውን ያበላሻል፣ ዝገት ይጀምራል። ከውጭ ምንም አይታይም። ኩሽኔታው መጮህ የሚጀምረው ከወራት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደብረ ሲና ላይ የፈሰሰውን ባልዲ የሚያስታውስ ሰው አይኖርም።

ፍሬኑ ደግሞ አለ። የረጠበ ፍሬን ደርቆ እስኪነክስ ድረስ ያዳልጣል። ሰውየው ከላቫጆዋ የወጣው ወደ ሜዳ ቢሆን ጉዳዩ ቀላል በሆነ፤ የወጣው ግን ወደ ሮቢት ቁልቁለት ነው።

ታዲያ ደንቡ ምንድን ነው? ደንቡ ከባድ አይደለም። ሞተሩ ጠፍቶ ጥላ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆማል፤ በእጅ ሲነኩት የማያቃጥል ሲሆን ይጀመራል። የማርሚታው አፍ በጨርቅ ይደፈናል፤ ከመነሳቱ በፊት ጨርቁን ማውጣት የረሳ ግን ራሱን ይውቀስ። የቁልፉ ማስገቢያና የአየር ፊልትሮው በፌስታል ይሸፈናሉ። የደረቀ ጭቃ አይፋቅም፤ ቀስ ባለ ውሃ ይለሰልሳል፣ ከዚያም ለስላሳ ሳሙና ባለው ጨርቅ ከላይ ወደ ታች ይጠረጋል። በጎማው እምብርት፣ በመሪው አንገት፣ በካርቡራተሩና በካንዴላው ላይ ውሃ በኃይል አይተኮስም። ጭቃ ያስለቅቃል ተብሎ ናፍጣ የሚቀባ ሰው አለ፤ ናፍጣ ጎማ ያበላሻል፣ ፍሬን ላይ ካረፈም ያንሸራትታል። ካቴናው ከደረቀ በኋላ ዘይት ይቀባል። ሞተሩ ተነስቶ ጥቂት ደቂቃ ይሠራል፤ በመጨረሻም ሜዳ ቦታ ላይ ፍሬኑ በቀስታ እየተያዘና እየተለቀቀ እስኪደርቅ ይፈተናል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የሚጠይቀው ጊዜ ብቻ ነው።

የነገሩ ቋጠሮም ያለው እዚህ ላይ ነው። የማጠብ ምስጋና ወዲያው ይገኛል፤ ሞተሩ ያብረቀርቃል፣ ባለቤቱ ይደሰታል፣ አጣቢው ጉርሻውን ይቀበላል። ጥፋቱ ግን ቀስ ብሎ መጥቶ ሌላ ሰው ደጃፍ ላይ ይቆማል። ያ ሞተር ሳይክል የመንግሥት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ሠራተኛ፣ ምናልባት ከቀበሌ ቀበሌ ለሚዞር የግብርና ባለሙያ ይሰጥ ይሆናል። ኩሽኔታው የሚለቀው በእሱ እጅ ነው፤ «አያያዝ አያውቅም» ተብሎ የሚወቀሰውም እሱ ነው። ከላቫጆዋ የሚወርደው ዘይትና ሳሙናም እንደዚሁ ነው፤ ደብረ ሲና አይቀርም፣ ውሃው ወደሚወርድበት ወደ ቆላው ሰው ይሄዳል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ ይህ ፈተና አለበት፤ የሚያፈሰው ነገር የሚደርሰው የማያየው ሰው ዘንድ ነው።

ወንጌል የጽዋውን ውጭ እያጠቡ ውስጡን ስለሚተዉ ሰዎች ይናገራል። የእኛው ነገር ከዚያም ይብሳል፤ ውጩን ለማጥራት ስንል ውስጡን እናበላሻለን። ክራቫት ያሰረው ሰው ሞተሩን አልጠላውም። ጭቃ ይዞ ስብሰባ መግባት አፍሮ ነው። እፍረት መጥፎ ነገር አይደለም፤ ከችኮላ ጋር ሲጋባ ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለውን ይወልዳል። የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር ሲጽፍ፣ መልካም ሥራ መልካም የሚሆነው በተገቢው ሁኔታና በተገቢው ጊዜ ሲሠራ ነው ይላል። ሽማግሌው ስለ በቅሎዋ የነገሩኝም ይህንኑ ነው። ለደከመች በቅሎ ውሃ መስጠት ደግነት ነው፤ ላቧ ሳይደርቅ መስጠት ግን በእሳቸው ደንብ ያው ደግነት ተመልሶ በደል ይሆናል።

ሮበርት ፒርሲግ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1974 «ዜንና የሞተር ሳይክል አጠባበቅ ጥበብ» የተሰኘ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። እዚያ ውስጥ ሞተር ሳይክሉን ጋራዥ ቢሰጥ ይበልጥ አበላሽተው እንደመለሱለት ይተርካል። መካኒኮቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሬዲዮ ከፍተው፣ እየቀለዱ፣ ሥራውን እንደ ተመልካች ነበር የሚሠሩት፤ ግድ አልሰጣቸውም። ፒርሲግ የዘመኑ በሽታ ይህ ግድ የለሽነት ነው ይላል። ምርመራው ትክክል ነው፤ ለደብረ ሲናው ልጅ ግን አይሠራም። ልጁ ግድ ሰጥቶታል፤ መዳፉን አስጠግቶ ሙቀቱን የለካው እሱ ነው። ዕውቀቱም ነበረው። የጎደለው ቢናገር የሚሰማው ሰው ነው። እኛ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩን የሚያውቀው ከሁሉ በታች ያለው፣ እጁ ብረቱን የሚነካው ሰው ነው። ዕውቀት ከታች፣ ትእዛዝ ከላይ ሆኖ በመካከላቸው መንገድ ሲጠፋ፣ ማንም ክፉ ሳይሆን ጥፋት ይፈጸማል።

ሰውየው ከሄደ በኋላ ልጁን ጠራሁት።

«እንደሚጎዳ ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከውም?»

«ነገርኩት እኮ!»

«አንዴ ብቻ ነው የነገርከው።»

«ሁለቴ ብነግረው ታች ያለው ልጅ ጋ ይሄዳል። እሱም ያጥብለታል።»

መልስ አጣሁ። ሞተሩ እንደሆነ በዚያም ቢሆን በዚህ ይጎዳል፤ ልዩነቱ የልጁ ምሳ ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ «ሌላው ስለሚያደርገው እኔም ላድርገው» የሚለው ክርክር ቢፈቀድለት የማያልፈው በር የለም። ቢሆንም ይህን ፍርድ ሻይ እየጠጣ የሚመለከት ሰው፣ ቀኑን በባልዲ በሚቆጥር ልጅ ላይ ለመበየን መቸኮል የለበትም። ልጁ የቻለውን ያህል ተናግሯል። አንድ ጊዜ የተናገረባት ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገርም ዋጋ ልታስከፍለው ትችል ነበር።

ባልዲውን አንስቶ ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ፣ ያለ ክፋት፣ ነገሩ ገርሞት፣ «እርስዎስ ቁጭ ብለው ሲያዩ አልነበር?» አለኝ።

ነበርኩ። ብናገር የማጣው ደንበኛ አልነበረኝም። ሰውየው ቢቆጣኝ የምፈራው አለቃዬ አይደለም። ልጁ ዕድሜው ከለከለው፤ ሽማግሌው የሚያውቁት የበቅሎን ደንብ ነው፤ ባለ ሞተሩ ቸኩሏል። ከአራታችን መካከል ዕውቀቱም ጊዜውም ነጻነቱም የነበረኝ እኔ ነበርኩ። ዝምታዬን «የሰው ጉዳይ ነው» በሚል ጨዋነት ሸፍኜ ተቀመጥኩ። የጥፋት ድርሻ የሚለካው በእጅ ቅርበት ብቻ ቢሆን ልጁ ይከሰስ ነበር። የሚለካው ለመከልከል በነበረው ዐቅም ከሆነ ግን ተራው የእኔ ነው።

ሰውየውን ማረምም አያስፈልገኝም ነበር። በሰው ፊት የታረመ ሰው ያፍራል፤ ያፈረ ሰውም ይቸኩላል። አገራችን ለዚህ የሚሆን ከእርማት የለሰለሰ ልማድ አላጣችም። ወንበር ስቤ፣ «ጋሼ፣ ከብርድ ነው የመጡት፤ ይቀመጡ፣ አንድ ሻይ ይጠጡ፤ እሷም እስክትበርድ» ብል ይበቃ ነበር። ደብረ ሲና ላይ መንገደኛን ሻይ መጋበዝ ማንንም አያስቆጣም። ሻዩ እስኪጠጣ ብረቱ ይበርዳል፣ ልጁ ገንዘቡን አያጣም፣ ሰውየውም ደርቆ የሚነክስ ፍሬን ይዞ ወደ ሮቢት ይወርዳል።