ዋጋውን ማን ይናገር?

«በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አበው። አባባሉ ባለቤቱን ለመውቀስ የተነገረ ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይነካ ያልፋል። ለመሆኑ ወርቁ ወርቅ መሆኑን የሚነግረን ማነው? ገበያው ነው ወይስ ከገበያው በፊት የነበረ ሌላ ሚዛን አለ?

በቆዩ ዕቃዎች ንግድ የተካኑ ሰዎች መልሳቸው አጭር ነው። የአንድ ዕቃ ዋጋ ሻጩ የሚጠራው ሳይሆን መሰሉ በቅርቡ የተሸጠበት ነው ይላሉ። ስለዚህም የሽያጭ መዝገብ ይይዛሉ። በዚህ ሥራ እጅግ የተራቀቁት የአሜሪካ የኮሚክ መጽሔት ሰብሳቢዎች ናቸው። ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 እ.ኤ.አ. በ1938 ሲወጣ ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር። ከዚያው እትም አንዱ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2024 በጨረታ 6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ሰብሳቢው የቅጂውን ይዞታ ከ10 ነጥብ ያስመዝናል፤ ተመሳሳይ ነጥብ ያገኘ ቅጂ አምና ስንት እንዳወጣ ይመለከታል፤ ከዚያ በኋላ ይፈርዳል። መጽሔቱ ከማተሚያ ቤት በብዙ ሺህ ቅጂ የወጣ በመሆኑ አንዱን ከወንድሙ ጋር ማስተያየት ስለሚቻል ዘዴው ያስኬዳል።

ዋጋ መዝግቦ መያዝ ለጎንደርም እንግዳ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዘመን የከተማዋ ሰዎች መሬት ሲሸጡና ሲገዙ የሻጩና የገዢው ስም፣ ምስክሮቹና የተከፈለው ወርቅ በደብሩ ወንጌል ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር። የታሪክ ምሁራን የዚያን ዘመን የመሬት ገበያ ያጠኑት ከነዚህ ጽሑፎች ነው። ልብ ማለት የሚገባን ግን ዋጋው የተጻፈበት መጽሐፍ ራሱ ለገበያ ያልቀረበ መሆኑን ነው። ብራና ከቶ አይሸጥም ነበር ማለቴ አይደለም፤ በዚህን ያህል ተገዛ የሚል ማስታወሻ ያለባቸው መጻሕፍት ብዙ ናቸው። አንድ ጊዜ ለደብሩ ከተሰጠ በኋላ ግን የገበያው ምስክር እንጂ የገበያው ዕቃ አይሆንም። የውሉ መታመንም ከዚህ የመጣ ነው። ነገ ለከፈለ ሁሉ የሚሄድ መጽሐፍ ላይ መሬቱን የሚያጽፍ ማነው?

እነዚህ መጻሕፍት ግን ሄዱ። መጀመሪያ ያጋዟቸው ባዕዳን አልነበሩም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ብዙ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ወሰዱ፤ በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዋን ዘርፈው አቃጠሉ። የቋራው ጀግና የምንወደውን ያህል ይህንንም ልንረሳው አይገባም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዝ ጦር እጅ ሲወድቅ ዝርፊያው ሁለተኛ ዙር ያዘ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ከወረደ በኋላ ለሁለት ቀናት ጨረታ ተደረገበት። የተገኘው 5,000 ፓውንድ ያህል ገንዘብ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ከተጫራቾቹ መካከል ገንዘብ የበዛለት የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምስ ነበር። 350 ያህል ብራናዎች ወደ ሙዚየሙ ገቡ።

እንግዲህ የሽያጭ መዝገብ ይፍረድ ካልን የደላንታው ጨረታ ሙሉ ሽያጭ ነው። ተጫራች ነበረ፤ ዋጋ ተጠራ፤ ገንዘብ ተከፈለ። የጎደለው ባለቤቱ ብቻ ነው። የእርሱ አለመኖር ደግሞ በመዝገቡ ላይ አይታይም። ቁጥሩ የሚነግረን ጨረታው ላይ የተገኙት ሰዎች ምን ያህል እንደፈለጉት ነው፤ ያልተገኙት ሰዎች ምን እንዳጡ አይነግረንም።

ኩርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል እንመልከት። ነገሥታቱ ወደ ዘመቻ ይዘውት ይወጡ ነበር። በ1736 ዓ.ም. ዳግማዊ ኢያሱ ሴናር ላይ ድል ሲሆኑ ሥዕሉ በጠላት እጅ ወደቀ፤ በኋላም ተከፍሎበት ተቤዥቶ ተመለሰ። በ1860 ዓ.ም. ሆልምስ ለራሱ አስቀረው፤ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን ውስጥ በጨረታ ተሸጠ። በመዝገብ ቋንቋ ሥዕሉ ሁለት ጊዜ ገንዘብ ወጥቶበታል። ሁለቱን ክፍያዎች በአንድ ሠንጠረዥ ማስፈር ግን ይቻላልን? ገዢ ውድ ከሆነበት ትቶት ይሄዳል። የሚቤዥ ሰው ትቶ መሄድ አይችልም፤ የከፈለውም ስለሚያዋጣው ሳይሆን የእርሱ ስለሆነ ነው።

ይህን ስል ዋጋን ማወቅ ነውር ነው የሚሉትን መደገፌ አይደለም። ዋጋ የማያውቅ ሰው በቀላሉ ይታለላል። የሽያጭ መዝገብም የጠፋ ዕቃ ፋና ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 እንግሊዝ አገር ዶርሴት ውስጥ የመቅደላ ዕቃዎች ለጨረታ መቅረባቸው ሲታወቅ የኢትዮጵያ መንግሥት ተቃወመ፤ ዕቃዎቹ ከጨረታው ወጡ፤ በኋላም አንድ ድርጅት ገዝቶ ለኢትዮጵያ አስረከበ። የጨረታው ዝርዝር ባይታተም ኖሮ ማን ያውቅ ነበር? ሌላም መራራ ነገር አለ። በሰብሳቢዎች ዘንድ ታሪኩ የታወቀ ዕቃ ካልታወቀው ይበልጥ ይፈለጋል፤ ስለዚህ «ከመቅደላ የመጣ» የሚለው ቃል፣ ማለትም የዝርፊያው ማስረጃ፣ ዋጋ ጨማሪ ሆኖ ያገለግላል።

ጥያቄው የሩቅ ዘመን ብቻ አይደለም። በጃናሞራ ወይም በዳባት ደጋ ጣሪያው የሚያፈስ አንድ ደብር አለ እንበል። በዕቃ ቤቱ አሮጌ ብራና ይገኛል። ገዢ መጥቶ ከክዳኑ ቆርቆሮ አልፎ ለካህናቱ ቀለብ የሚተርፍ ገንዘብ ቢያቀርብ አለቃው ምን ይበል? አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትን ይከለክላል። የሕሊናው ጥያቄ ግን በአዋጅ አያልቅም፤ ዝናቡ እውነት ነው፤ ረሀቡም እውነት ነው።

እንደ እኔ እምነት የአለቃው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ያወጣል?» ሳይሆን «የማን ነው?» መሆን አለበት። መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ስሙ በጸሎት እንዲታሰብ አደራ ሰጥቷል፤ ነገ ከዚያ የሚማረው ልጅ ገና አልተወለደም። ሁለቱም ሊጫረቱ አይችሉም። አለቃው የሚጠብቀው የእነርሱን ድርሻ ነው። እኛም አደራውን ብቻውን እንዲሸከም ልንተወው አይገባም። ጣሪያው ካልተከደነ ስለ ቅርስ የምንናገረው ሁሉ ከንቱ ነው። ከዋጋ መዝገብ በፊትም በየደብሩ ያለው ብራና ምን እንደሆነና ከማን እንደተሰጠ የሚናገር መዝገብ ያስፈልገናል።

የጥንቱ ጸሐፊ በብራናው ላይ የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን ብሎ ይጽፍ ነበር። መጽሐፉን የሚመኝ እጅ እንደሚመጣ አስቀድሞ አውቋል ማለት ነው። የሚያሳስበኝ ግዝቱን የሚያነብ ሰው እየቀነሰ መሄዱ ነው።