ስለ ኅሊናና ስለ ግብር

ሰው ለሚኖርበት አገር የሚከፍለው ግብር የሕግ ግዴታ ብቻ ነውን፣ ወይስ የኅሊናም ዕዳ ነው የሚለው ጥያቄ፣ ማቴዎስ በቅፍርናሆም ከመቅረጫው ከተጠራበት ዘመን ጀምሮ ምእመናንን ሲያሳስብ የኖረ ነው።

ይህ ጥያቄ ዛሬም በዕለት ኑሮ ይገጥመናል፤ ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ፣ አገልግሎት ከጀመረ 6 ወር ያላለፈው ወይም ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ያልተነዳ መኪና እንደ አዲስ ይቈጠራል፤ ስለዚህም ከጀርመን ገዝቶ ወደ ስዊድን የሚያስገባ ሰው፣ ሻጩ ነጋዴም ሆነ ግለሰብ፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱን የሚከፍለው በጀርመን 19 ከመቶ ሳይሆን በስዊድን 25 ከመቶ ነው። ሁለቱንም ወሰን ያለፈውን መኪና ለግሉ የገዛ ሰው ግን በስዊድን ይህን ታክስ አይጠየቅም።

እንግዲህ ስድስቱን ወር የጨረሰ መኪና ቈጣሪው 5,900 ላይ ሲገኝ ፈተናው ይገለጣል። ገዢው ሻጩ የቀረውን መንገድ እስኪነዳው ቢታገሥ፣ ሕጉ የወሰነውን ጠበቀ እንጂ አልዋሸም፤ በውሉ ላይ 6,100 ብሎ ቢያስጽፍ ግን፣ ያጐደለው የመንግሥትን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን፣ እርሱ የሚሄድበትን መንገድና ልጁ የሚማርበትን ትምህርት ቤት አብሮት የሚሸከመውን የባልንጀራውን ድርሻ ጭምር ነው።

መጥምቁ ዮሐንስ ለንስሐ የመጡትን ቀራጮች ከተወሰነላቸው በላይ እንዳይወስዱ አዘዛቸው እንጂ ከሥራቸው አላሰናበታቸውም። ሰብሳቢው ከልክ በላይ መውሰዱ ኃጢአት ከሆነ፣ ከፋዩም በሐሰት ከልክ በታች መስጠቱ ከዚያው ፍርድ አያመልጥም፤ ስለዚህ ክርስቲያን ግብሩን በእውነት የሚከፍለው ተቈጣጣሪ ስለሚያየው ሳይሆን፣ ጽድቅ የእግዚአብሔር ትእዛዝ ስለ ሆነ ነው።