ስሕተትን ማወቅና ስሕተትን መፍታት

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። አባቶቻችን ይህን የተናገሩት ሰው ከመሥራቱ በፊት አስቀድሞ እንዲያስብ ለማስጠንቀቅ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን ተረቱን የምንጠቅሰው ከሠራን በኋላ፥ የሠራነውን ላለማረም ምክንያት ስንፈልግ ነው። «ያለፈው አልፏል፤ የተጻፈው ተጽፏል» እንላለን። በእውነት የሰው ሥራ ሁሉ እንደ ፈሰሰ ውሃ ነውን? ወይስ ታፍሶ የሚመለሰውንም ጐንበስ ማለቱ ስለሚከብደን ብቻ ፈሰሰ እንለዋለን? ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ አንድ ሕመምና አንድ የልጅ ሹራብ ነው።

ባለፈው ክረምት የወፍ በሽታ ይዞኝ ሐኪም አንድ ወር ከቤት እንዳልወጣ አዘዘኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ማለዳ ተነሥቶ ቢሮ መግባት የለመደ ስለ ሆነ፥ በመጀመሪያው ሳምንት ከሕመሙ ይልቅ ሥራ ፈትነቱ አስጨነቀኝ። ታላቅ እኅቴ ልታስታምመኝ መጥታ ከአልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ ለልጄ የሚሆን ሹራብ ትሠራ ነበር። ሁለቱ መርፌዎች ሲነካኩ የሚያሰሙትን ድምፅ ቀኑን ሙሉ ስሰማ ከዋልኩ በኋላ፥ «እትዬ፥ እስቲ እኔም ልሞክር» ብላት ሣቀችብኝ። «ወንድ ልጅ ሹራብ ሲሠራ የት አየህ?» አለችኝ።

መልስ ባጣ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርኩ። ከመካከለኛው ዘመን የቀሩ በመርፌ የተሠሩ የጥጥ ካልሲዎች በግብፅ ምድር እንደ ተገኙ አነበብኩ። በእንግሊዝ አገር ካልቨርተን በሚባል መንደር የነበረው ዊልያም ሊ፥ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1589 ዓ.ም. ካልሲ የሚሠራ መኪና አወጣ፤ ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ግን በእጃቸው እየሠሩ የሚተዳደሩ ድኾች እንጀራቸውን ያጣሉ ብላ የብቻ ፈቃድ እንደ ከለከለችው ይተረካል። በፔሩ አገር በቲቲካካ ሐይቅ ውስጥ ባለችው በታኪሌ ደሴት የሱፍ ቆብ በመርፌ የሚሠሩት ወንዶች ናቸው፤ ዩኔስኮም የደሴቲቱን የልብስ ጥበብ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. ከሰው ልጅ ድንቅ ቅርሶች አንዱ ነው ብሎ አውጇል። ወደ አገራችንም ስንመለስ፥ ፈትሉን የምትፈትለው ሴት ብትሆንም ከሸማኔው ጕድጓድ ገብቶ ሸማውን የሚሠራው በልማድ ወንድ ነው። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ለእኅቴ ባነብላት፥ «እንግዲያው እንካ» ብላ መርፌዎቹን ሰጠችኝ።

የሹራብ ሥራ በመጽሐፍ ሲነበብ ቀላል ነው። መሠረቱ ሁለት አሠራር ብቻ ነው፤ አንደኛው ክሩን በቀለበቱ ውስጥ ወደ ፊት ስቦ ማውጣት፥ ሁለተኛው ወደ ኋላ ስቦ ማውጣት ነው። ሁለተኛውም ቢሆን የመጀመሪያው ከጀርባው ሲታይ ነው። ቀለበቱን ዐይን ልበለውና፥ አዲሱ ዐይን ሁሉ ከበታቹ ባለው ዐይን ውስጥ አልፎ ይወጣል፤ ረድፉም በረድፍ ላይ እየተተከለ ያድጋል። ሸማ በድርና በማግ ሲሠራ፥ ሹራብ ግን በአንድ ክር ብቻ ሊሠራ ስለሚችል፥ ሳይቈረጥ እስከ መጀመሪያው ድረስ ሊፈታ ይችላል። መጽሐፉም ስሕተት ሲገኝ እስከ ስሕተቱ ስፍራ ድረስ መፍታት እንደሚሻል ይመክራል። ይህን ምክር ሳነብ ራሴን ነቅንቄ ተስማማሁ። የሌላ ሰው ልፋት ሲፈታ በሐሳብ መመልከት ምንም አያደክምምና።

በ60 ዐይን ጀመርኩ። አምስት ቀን ሠርቼ 22 ረድፍ ከደረስኩ በኋላ ብቈጥር 56 ዐይን ብቻ አገኘሁ። በታችኞቹ ረድፎች ላይ በአራት ስፍራ ሁለት ዐይን እንደ አንድ አድርጌ አንሥቼ ኖሯል። ሹራቡም ከሥሩ ሰፍቶ ወደ ላይ እየጠበበ ሄዷል። ያን ጊዜ ያነበብኩት ምክር ሁሉ ከልቤ ወጣ። በዳር በኩል አራት ዐይን ልጨምርና 60 ላድርሰው ብዬ አሰብኩ፤ ሐሳቤንም ለእኅቴ ነገርኳት።

እርስዋም ሥራዬን ገልበጥ አድርጋ አየችና፥ «ወንድምዓለም፥ ቍጥሩማ ይሞላልሃል። ልጅቱ ግን የምትለብሰው ሹራቡን ነው እንጂ ቍጥሩን አይደለም» አለችኝ።

«አምስት ቀን የደከምኩበት እኮ ነው» ብላት፥ «ድካምህ በእጅህ ቀርቷል፤ ክሩም አልጠፋም። ፍታው» አለች።

የአምስት ቀን ሥራ ተተርትሮ ለማለቅ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ክሩን እየጠቀለልኩ ሳለሁ ግን፥ «ቍጥሩ ይሞላልሃል» የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። ምክንያቱም ከመታመሜ ከሦስት ወር በፊት በቢሮ ያደረግኩትን አስታወሰኝ።

አንድ አረጋዊ የጥበቃ ሠራተኛ ጡረታ ሲወጡ የአገልግሎት ዘመናቸውን ያጣራሁት እኔ ነበርኩ። ፋይሉን ስመረምር ሁለት ቅጠል ወረቀት እንደ አንድ ገልጬ፥ የሁለት ዓመት አገልግሎት ዘለልኩ። ስሕተቱን ያወቅኩት ደብዳቤው በአለቆቼ ተፈርሞ፥ ማኅተም ተደርጎበት ከወጣ በኋላ ነው። አወቅኩ፥ ነገር ግን ዝም አልኩ። ሁለት አለቆች የፈረሙበትን ወረቀት ስሕተት ነው ማለት እነርሱንም ማሳፈር ነው አልኩ። ሰውዬው አልተከራከሩም፤ ድምሩም በወረቀቱ ላይ ካለው ጋር ይስማማል አልኩ። እርሳቸው ደግሞ ደብዳቤውን ሲቀበሉ፥ «እግዜር ይስጥልኝ፥ ልጄ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ያ ምርቃት ከወቀሳ ይልቅ ይከብደኝ ነበር።

እንግዲህ ለዝምታዬ ያቀርብኩት ምክንያት ምን ያህል እውነት እንዳለው መመርመር ይገባል። አንደኛው ምክንያት የልፋት ነገር ነው፤ የተደከመበትን ማፍረስ ድካምን ማጥፋት ይመስላል። ነገር ግን ከስሕተቱ በላይ የሚጨመር ረድፍ ሁሉ ስሕተቱን የሚያሳድግ ስለ ሆነ፥ ልፋቱን የሚያጠፋው መፍታቱ ሳይሆን መቀጠሉ ነው። ስለዚህ ነው አባቶቻችን ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ ያሉት።

ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ክብደት አለው። መሥሪያ ቤት ዛሬ የጻፈውን ነገ የሚሽር ከሆነ ሕዝብ በምን ይተማመናል? ውሳኔ መጽናት አለበት፤ ይህን የሚክድ አስተዋይ ሰው የለም። ሆኖም የውሳኔ ጽናት ልክ እንደ ሹራቡ በበታቹ ባለው ረድፍ ትክክለኛነት ይለካል። ከሥሩ የተዛባ ነገር በላዩ ስንት ፊርማ ቢደረደርበት ፊርማዎቹ ጠማማነቱን ይከተላሉ እንጂ አያቀኑትም። ዜጋ የሚተማመነው መሥሪያ ቤቱ ከቶ አይሳሳትም ብሎ አይደለም፤ የተሳሳተበትን ቢያገኝ አይደብቅብኝም ብሎ ነው።

ሁለቱ ምክንያቶች ከተነሡ በኋላ የቀረው ሦስተኛው ብቻ ነበር፤ እርሱም ኀፍረት ነው። እውነተኛው ምክንያት እርሱ ሆኖ ሳለ፥ ሌሎቹን እንደ ካባ ደርቤበት ኖሬአለሁ። ስሕተትን ማወቅ ዕውቀት ነው፤ ይህም በንባብ፥ በትምህርት፥ ከአልጋም ላይ ተጋድሞ ይገኛል። ስሕተትን መፍታት ግን በሰው ፊት ትንሽ ሆኖ መታየትን ይጠይቃል። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚሻገር መጽሐፍ የለም፤ ሰውዬው ራሱ በእግሩ መሄድ አለበት።

ወደ ሥራዬ በተመለስኩበት ቀን ስሕተቱ የእኔ መሆኑን በማስታወሻ ጽፌ ለቅርብ አለቃዬ አቀረብኩ። ተገሠጽኩ፤ ተግሣጹም የሚገባኝ ነበር። ደብዳቤው ታርሞ የጐደለው የጡረታ ገንዘብ ከነውዝፉ እንዲከፈል ተጻፈ። ሰውዬውን አስጠርቼ እውነቱን ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና፥ «በእነዚያ ወራት የቤት ኪራይ አጥሮኝ ከልጄ ተበድሬ ነበር» አሉኝ። በዚህ ጊዜ አልመረቁኝም።

ስለዚህ ተረቱ ፈጽሞ ሐሰት እንዳልሆነ እኔም እመሰክራለሁ። ገንዘቡ ተመለሰ፤ አባት ከልጁ ፊት በብድር የቆመበት ቀን ግን አልተመለሰም። የተፈታ ክርም ቢሆን እንደ አዲስ ቀጥ ብሎ አይገኝም፤ የነበረበትን ዐይን ቅርጽ ይዞ ተጠማዝዞ ይቀራል። እኅቴ ክሩን በውሃ ነክራ ገመድ ላይ ሰቅላ ስታሰጣው፥ «ይህ ለምን ያስፈልጋል?» ብዬ ጠየቅኳት። «ካልታጠበ በአዲሱም ሥራ ላይ የድሮው ጥምዝ ይታያል» አለችኝ።

ሹራቡ በመስከረም አለቀ። በ60 ዐይን ተጀምሮ በ60 ዐይን ደርሷል። ልጄ ለብሳው ስትሮጥ አያለሁ፤ ከሥሩ አንድ ጊዜ ተፈትቶ የነበረ መሆኑን ከእኅቴና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።