ያልተበደልኩትን ይቅር ማለት እችላለሁን?

ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ ምእመናንን የንጉሥ ካህናት ይላቸዋል። መልእክቱ የተላከው ለጳጳሳት ጉባኤ አይደለም። በጳንጦስ፣ በገላትያ፣ በቀጰዶቅያ፣ በእስያና በቢታንያ ተበትነው ለሚኖሩ ክርስቲያኖች ነው፤ ከእነርሱም መካከል ጠማማ ጌታ የሚገዛቸው ሎሌዎችና ያላመነ ባል ያላቸው ሴቶች ነበሩ። እኔም እንደ እነርሱ ሥልጣነ ክህነት የሌለኝ ምእመን ነኝ። በእጄ መስቀል የለም፤ ጽና ይዤ አላጥንም፤ ማንንም አልናዝዝም። ቃሉ እኔንም የሚመለከት ከሆነ ታዲያ የእኔ የክህነት ሥራ ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሲመላለስብኝ ኖሯል። የሄድኩበትን መንገድ ከነጥርጣሬው እነሆ።

በዚህ ቃል ላይ የቆየ ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1520 ለጀርመን መኳንንት በጻፈው ጽሑፍ በካህንና በምእመን መካከል የቆመውን ግድግዳ ለማፍረስ ይህንን ቃል ጠቅሷል። በአገራችን ያሉ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም የአማኞች ሁሉ ክህነት ብለው ያስተምሩታል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ መምህራን በበኩላቸው ዘፀአት 19ን ያስታውሳሉ፤ እስራኤል በሙሉ የካህናት መንግሥት ተብሎ ሳለ በመሠዊያው ያገለገለው የአሮን ቤት ብቻ ነበር፤ ይህን የተቃወመው ቆሬም መጨረሻው አላማረም። እኔ የንስሐ አባት ያለኝ ሰው ነኝና ወዴት እንደማደላ ግልጽ ነው። ነገር ግን ማን ካህን ነው በሚለው ላይ ክርክሩ ሲበረታ፣ ምእመኑ ምን ያቀርባል የሚለው ሳይመለስ ይቀራል። ጴጥሮስ በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 5 ላይ ስለ መንፈሳዊ መሥዋዕት ይናገራል። መሥዋዕት ደግሞ የራስ የሆነ፣ ሲሰጥም የሚጎድል ነገር ይፈልጋል።

መጀመሪያ ያገኘሁት መልስ ቀላል ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ እግዚአብሔር የማስታረቅን አገልግሎት እንደ ሰጠን ይነግረናል። እንግዲያው የምእመን ክህነት ማስታረቅና ይቅር ማለት ነው አልኩ። ወዲያው ግን ሌላ ጥያቄ ተከተለ፤ ይቅር የምለው የማንን በደል ነው?

ጥያቄውን ያከበደብኝ በ2003 ዓ.ም. በአገራችን የሆነው ነገር ነው። የሃይማኖት አባቶች፣ ከእነርሱም መካከል ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ፣ የሞት ፍርድ ለተፈረደባቸው የደርግ ባለሥልጣናት ይቅርታ እንዲደረግ ጠየቁ። ባለሥልጣናቱም የኢትዮጵያን ሕዝብ ይቅርታ መጠየቅ እንደሚፈልጉ ተነገረ። በግንቦት መጨረሻ የ23ቱ የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ በመስከረም 2004ም ብዙዎቹ ከእስር ወጡ። ልጆቻቸውንና ወንድሞቻቸውን ካጡት ቤተሰቦች መካከል ግን በነገሩ ያልተስማሙ፣ እኛ ሳንጠየቅ ማን ይቅር አለ ያሉ ነበሩ።

ነገሩን ከሁለቱም ወገን ለማየት ሞከርኩ። አባቶች ቁስል የሌለባቸው ሰዎች አልነበሩም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 በደርግ እጅ ተገድለዋል። አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው በዚያ ዘመን ለዓመታት ታስረዋል። ስለዚህ ይቅር የሚሉት የራሳቸው በደል ነበራቸው፤ ያንን ይቅር ማለታቸው ትልቅ ነገር ነው። በሌላ ወገን ደግሞ የልጇ ሬሳ መንገድ ላይ ተጥሎ እያየች እንዳታለቅስ የተከለከለች እናት አለች። የእርሷን በደል ይቅር ሊል የሚችል ፓትርያርክ አለን? እኔ የለም አልኩ። ዕዳን መማር የሚችለው አበዳሪው ነው፤ ጎረቤት ተነሥቶ የሌላውን ሰው ገንዘብ ምሬሃለሁ ቢል ቸርነት አይባልም።

መንግሥት ቅጣትን ሊያቀል፣ ክስን ሊያነሣ ይችላል። ያ ግን ከይቅርታ የተለየ ነገር መሆኑን ደቡብ አፍሪካ አሳይታናለች። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የመሩት የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ምስክሮችን መስማት ሲጀምር፣ ለፖለቲካ ዓላማ የፈጸመውን ወንጀል ሁሉ ሳይደብቅ የተናገረ ሰው በሕግ ምሕረት እንዲያገኝ ተፈቅዶ ነበር። በእስር ላይ ሳለ የተገደለው የስቲቭ ቢኮ ቤተሰብ ግን ፍትሕ ተነፈግን ብሎ ሕጉን በመቃወም በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ተከራከረ፤ ተረታም። ፍርድ ቤቱ ስለ ሕጉ ወሰነ እንጂ ቤተሰቡን ይቅር እንዲል ሊያዝዘው አልቻለም፤ አላዘዘውምም። የሕግ ምሕረት ያለ ተበዳዩ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል፤ ይቅርታ ግን አይሰጥም።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ መጣብኝ። እግዚአብሔር የሁሉን ኃጢአት ይቅር ይላል። ካህኑም በተሰጠው ሥልጣን ተናዛዡን ይፈታል። ዳዊት ኦርዮንን አስገድሎ ሲያበቃ በመዝሙሩ የበደለው እግዚአብሔርን ብቻ እንደ ሆነ ይናገራል። ኦርዮን ሞቷል፤ ይቅር ሊል አይችልም። ታዲያ የተበዳዩ ፈቃድ የግድ ነው ካልኩ ሰው የገደለ ሁሉ ተስፋ የለውም ማለቴ ነውን?

ይህን ለመመለስ የመሥዋዕቱን ሕግ ተመለከትኩ። በዘሌዋውያን 6 መሠረት ባልንጀራውን የቀማ ወይም አደራ የካደ ሰው በመጀመሪያ የወሰደውን በሙሉ ይመልሳል፤ አምስተኛ እጅም ይጨምርበታል፤ የበደል መሥዋዕቱንም ለካህኑ ያመጣል፤ ከዚያ በኋላ ካህኑ ያስተሰርይለታል። ጌታም በማቴዎስ 5 ላይ መባውን ይዞ መሠዊያው ፊት የደረሰው ሰው የተቀየመው ወንድም እንዳለ ካስታወሰ መባውን እዚያው ትቶ እንዲሄድ ያዝዘዋል። የንስሐ አባቶችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ የቀማህን መልስ፣ የተጣላኸውን ታረቅ፣ የበደልከውን ካስ ይላሉ። እንግዲህ እግዚአብሔር የራሱን ይቅር ይላል፤ ነገር ግን የሰውን ቁስል ዘልሎ አይደለም። ዳዊትም ይቅር ቢባልም ናታን የኦርዮንን ስም ጠርቶ ፊት ለፊት ወቅሶታል፤ ሰይፍም ከቤቱ አልራቀም። በሞተው ሰው ፈንታ ይቅር የሚል በምድር አይገኝም፤ ገዳዩ የሚቀርበው በራሱ በእግዚአብሔር ፊት ነው። ይህ ተስፋ ነው፤ ግን እኔ ወይም ሌላ ሽማግሌ የምናድለው ተስፋ አይደለም።

ታዲያ ይቅርታው የተበዳዩ ብቻ ከሆነ በመካከል የሚቆመው ሰው ምን ይሠራል? ለዚህ መልስ የሆነኝ ዘኍልቍ 16 ነው። ሕዝቡ በሙሴና በአሮን ላይ ተነሥቶ የእግዚአብሔርን ሕዝብ እናንተ ገደላችሁ ብሎ ሲያጉረመርም መቅሠፍት ወረደ። አሮን ጥናውን ይዞ እየሮጠ በጉባኤው መካከል ገባ፤ በሞቱትና በሕያዋኑ መካከል ቆመ፤ መቅሠፍቱም ተከለከለ። በዚያ ቀን 14,700 ሰው ሞቷል። ልቤን የነካው ነገር አሮን የሮጠላቸው ሰዎች ገዳይ ነህ ያሉት መሆናቸው ነው። በሞቱት ስም አንድም ቃል አልተናገረም። ያደረገው ነገር ቢኖር ራሱን ሞት እየገሰገሰ ባለበት ቦታ ማቆም ነው። በመካከል መቆም ማለት ይህ ነው ብዬ አመንኩ። አስታራቂ ዋጋ የሚከፍለው ከራሱ ነው፤ በጊዜው፣ በክብሩ፣ አንዳንዴም ከሁለቱም ወገን በሚደርስበት ጥርጣሬ።

ይህን በዘመናችን አይተነዋል። ለ27 ዓመታት በአገር ውስጥና በውጭ ለሁለት ተከፍሎ የቆየው ሲኖዶስ በሐምሌ 2010 በዋሽንግተን ዲሲ ሲታረቅ፣ ብዙ የደከሙት አስታራቂዎች ካህናት ብቻ አልነበሩም፤ ምእመናንም ነበሩባቸው። ጳጳሳትን ያስታረቁ ምእመናን! ዕርቁም ያለ ዋጋ አልመጣም። ውግዘቱ ከሁለቱም ወገን ተነሣ፤ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ አቡነ ማትያስ በአስተዳደሩ፣ አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ ሆነው ሁለት ፓትርያርኮች በአንዲት ቤተ ክርስቲያን እንዲኖሩ ሁለቱም ተቀበሉ። የጴጥሮስን ቃል በሥራ ሊያየው ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የቀረበ ምስክር አላውቅም።

አንድ ጥርጣሬ ግን አሁንም አልለቀቀኝም፤ ከሁሉም የከበደው እርሱ ነው። በአገራችን ይቅር በይ የሚባለው ብዙ ጊዜ ለደካማው ነው። ባሏ የሚደበድባት ሴት ሽማግሌ ፊት ስትቀርብ፣ ለልጆችሽ ስትይ ቻይው፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በይ ትባላለች፤ ወደዚያው ቤት ትመለሳለች፤ ዱላውም ይቀጥላል። ይህ የማስታረቅ አገልግሎት ከሆነ እኔ ካህን መሆን አልፈልግም ያልኩበት ጊዜ አለ። በኋላ ግን ሁለት ነገሮችን ለየሁ። ይቅር ማለት ቂምን ከልብ ማውጣት፣ በቀልን ለእግዚአብሔር መተው ነው፤ ይህን ተበዳዩ ብቻውን ሊያደርገው ይችላል። መታረቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ከበዳዩ ወገን እውነትን መናገርን፣ መካስን፣ መለወጥን ይጠይቃል። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 12 ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ ሲል፣ ቢቻላችሁ፣ በእናንተ በኩል ያለውን ያህል በሚል ወስኖታል። የማይቻልበት ጊዜ እንዳለ ሐዋርያው ያውቃል። ዱላውን ያልጣለ ሰው አልታረቀም። እንዲህ ያለችውን ሴት ወደ ቤቷ የሚመልስ ሽማግሌ አላስታረቀም፤ የእርሱ ያልሆነውን አካሏን አሳልፎ ሰጥቷል።

ይቅርታ የጠየቀም ቢሆን ወዲያው ይቅር ልባል ይገባል ማለት አይችልም። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ድምፁን ባለማሰማቱ ቅዱስ ሲኖዶስ የትግራይን ሕዝብ ይቅርታ ጠይቆ፣ በሐምሌ 2015 በአቡነ ማትያስ የተመሩ አባቶች ወደ መቐለ ሲሄዱ የትግራይ አባቶች አልተቀበሏቸውም። ብዙ ሰው በዚያ አዘነ፤ እኔም አዝኛለሁ። ሆኖም የተጎዳ ሰው የሚፈወስበት ጊዜ በበዳዩ ወይም ዝም ባለው ወገን የቀን መቁጠሪያ አይለካም። የጠያቂው ድርሻ ደጋግሞ መጠየቅ፣ መካስና መጠበቅ ነው።

እስከዚህ ስደርስ የመጀመሪያ ጥያቄዬ በሌላ በኩል ተከፈተልኝ። የዕብራውያን መልእክት ስለ ክርስቶስ ሲናገር ሊቀ ካህናቱም መሥዋዕቱም እርሱ ራሱ መሆኑን ያስተምራል። በመስቀል ላይ ስለ ሰቃዮቹ የለመነው በእርሱ ላይ ስለተደረገው ነው። እስጢፋኖስም በድንጋይ ሲወገር የለመነው በእርሱ ላይ ድንጋይ ስለሚወረውሩት ነው። እንግዲህ የማቀርበው መሥዋዕት በእኔ ላይ የተደረገው በደል ነው። ይህን ማንም ካህን ስለ እኔ ሊያቀርብልኝ አይችልም። እኔ በአደራ የሰጠሁትን ገንዘብ የካደኝ የቅርብ ዘመድ አለኝ። የንስሐ አባቴ ሊመክሩኝ፣ ሊጸልዩልኝ ይችላሉ፤ በእኔ ፈንታ ግን ይቅር ሊሉት አይችሉም። በዚህ አንድ ጉዳይ በምድር ላይ ካህኑ እኔ ብቻ ነኝ። ገንዘቡን ይመልስልኝ ዘንድ መጠየቄን አልተውኩም፤ የምጠላው ሰው እንዳይሆን ግን ስሙን በጸሎቴ አነሣለሁ።

ቅዳሴያችንም ይህን ያውቃል። በአምኃ ጸሎት ጊዜ ዲያቆኑ ምእመናን እርስ በርሳቸው ሰላምታ እንዲሰጣጡ ያዝዛል፤ ይህም ሥጋ ወደሙን ከመቀበል በፊት ነው። የካህናቱን ጸሎት ካህናቱ ያደርሳሉ፤ ወደ ጎረቤቴ ዞሬ እጅ መንሣት ግን የእኔ ነው። እኔ ካልዞርኩ ማንም አይዞርልኝም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፤ ያልተበደልኩትን ይቅር ማለት አልችልም፤ የተበደልኩትን ግን ከእኔ በቀር ይቅር የሚል የለም። አንባቢ ሆይ፣ በድለህ ከሆነ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄድህ በፊት የቀማኸውን መልስ፤ ሽማግሌ ላክ፤ ባይቀበልህም ተመልሰህ ሂድ። ተበድለህ ከሆነ ማንም አያጣድፍህ፤ ነገር ግን ቂሙን ለልጆችህ አታውርስ። በሁለት ሰዎች መካከል እንድትቆም ከተጠራህ እውነቱ ሳይነገር ዕርቅ አታውርድ፤ ያንተ ያልሆነውን ይቅርታም አትስጥ። የምእመን ክህነት በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ይፈተናል፤ ከሦስቱ በአንዱ ላይ የማይገኝ ክርስቲያን ደግሞ የለም።